በሕማማት የተሰጠ ሰላምታ

ሽሮ ሜዳ ውስጥ ሥርዓት የሚያጠብቅ ሰው ይቆጠር ቢባል ሸማኔው ላቀው ጩባ ከፊት ነው የሚሰለፈው። አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም ከሸፊ ሱቅ ገዝቶ የበላው ብስኩት ወተት እንዳለበት ሰማ። ደነገጠና ጨምሮ በመጾም ሊክሰው ፈለገ፤ ችግሩ ግን ወሬው የደረሰው በፋሲካ ማግስት መሆኑ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ አይጾምም። እናም አገሩ ሁሉ ሲፈስክ እሱም አብሮ እየፈሰከ፣ ብስኩቷ ግን ኅሊናው ላይ ተቀምጣ ጰራቅሊጦስን ሲጠባበቅ ከረመ። ሚስቱ አጸደ ይህን ላገኘችው ሰው ሁሉ ታወራለች፤ እሱም ከሰሚው ጋር አብሮ ይስቃል።

ሥርዓት አጥባቂ ነው ሲባል ፊቱን የቋጠረ ሰው እንዳይመስላችሁ። ላቀው አጭር፣ ሳቂታ፣ እጁና አፉ እኩል የሚሠሩ ሰው ነበር። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ባለፈ ቁጥር አንድ ወሬ ያልፋል። ወሬውን የሚቀበለው ደግሞ አጠገቡ ያለው ጓደኛው አዲሳለም ነው። ሁለቱም ገና ልጆች ሳሉ ከዶርዜ በአንድ የጭነት መኪና፣ በአንድ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው አዲስ አበባ የገቡት። የሽመና ዕቃቸውን በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተክለው፣ እግራቸውን በየጉድጓዳቸው ሰደው፣ ቀኑን ሙሉ እየተበሻሸቁ ይሠራሉ። አዲሳለም አላገባም። ምሳም እራትም ከላቀው ቤት ነው፤ አጸደም እንጀራ ስታቀርብ ሁለት ባል ያላት ያህል ትማረርባቸዋለች። በየዓመቱ ስቅለት ሲሆን ቁስቋም ማርያም ወጥተው ማን ብዙ እንደሚሰግድ ይፎካከራሉ። በስግደት መፎካከር ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ላቀው ለመጠየቅ አስቦ ነበር፤ መልሱን ፈርቶ ተወው።

በ1970 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ታጣቂዎች መጥተው አዲሳለምን ወሰዱት። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ወሳጆቹም የሚያውቁት አይመስልም ነበር። አጸደ ስንቅ ትቋጥራለች፤ ላቀው በየቀኑ ያደርሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ በር ላይ የቆመው ጠባቂ ሳህኑን መልሶ ሰጠውና፣ “ለሱ ስንቅ ማምጣት ይብቃህ” አለው። የዚህ ቃል ትርጉም በዚያ ዘመን ለማንም አይጠፋም። ጮኾ ማልቀስም አይፈቀድም። ባልና ሚስት በራቸውን ዘግተው፣ ትራስ አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ላቀው የአዲሳለምን ድር በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈነው፤ በቦታውም ሌላ ሰው አላስቀምጥም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ከዚያ በኋላ መወርወሪያው ያለ ወሬ ሲመላለስ ከረመ።

በ71 የሕማማት ማክሰኞ ዕለት ላቀው አቀርቅሮ ሲሠራ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ሲል የከሳ፣ ጺሙ ያደገ ሰው አንድ እግሩን እየጎተተ ቆሟል። አዲሳለም ነው። ለካስ ወደ ሌላ እስር ቤት አዛውረውት ኖሯል። ላቀው ከጉድጓዱ ዘሎ ወጣ። እጆቹን ዘረጋ። ሁለት እርምጃም ተራመደ። ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለው።

ሕማማት ነው። በሕማማት ሰው አይሳሳምም፤ እንዴት ዋልክም አይባባልም። መስቀል እንኳ አይሳለምም።

እጆቹን ቀስ ብሎ አወረዳቸው። የሚለው ቢጠፋው፣ “ድርህን አይጥ እንዳይበላው ሸፍኜልሃለሁ” አለ።

አዲሳለም ፊቱን ለአፍታ አይቶ፣ እግሩን እየጎተተ ወጣ። ከውጪ የጮኸ ድምፅ ተሰማ። ባለ ሱቁ ሸፊ ነበር። ሕማማት እሱን አይመለከተውም፤ አዲሳለምን እንዳየ የሚሸጠውን ስኳር በትኖ፣ ባንኮኒውን ዘሎ፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። “አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!” እያለ መንደሩን ቀሰቀሰ። ላቀው በመስኮት እያየ ቆመ፤ የሸፊን እጆች ተመኛቸው።

“እሑድ ይስተካከላል” ብሎ ራሱን አጽናና። የፋሲካ ዕለት ጠዋት አጸደ የሠራችውን ዶሮ ተሸክሞ አዲሳለም ደጃፍ ሄደና በሩን መታ። “ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!” አለ በደስታ። እንደ ወጉ ከውስጥ “በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን” የሚል መልስ መምጣት ነበረበት። የመጣው ግን፣ “እኔ ስነሣስ የት ነበርክ?” የሚል ነው። በሩም አልተከፈተም።

እነሆ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። የሚሠሩበት ቤትም ጉድጓድም አልተለየም፤ የሸማኔዎች ማኅበር ከተቋቋመ ወዲህ ማንም ቦታውን እንደፈቀደ አይቀይርም። ክንድ ለክንድ እየተነካኩ ይሠራሉ፣ አይነጋገሩም። ክር ሲጠላለፍባቸው እንኳ በየፊናቸው ይፈታሉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው ይህ ሁኔታ ምርት ይጎዳል ብሎ ሰጋና ለማስታረቅ ሂስና ግለ ሂስ ጠራ። ሁለቱ መወቃቀሱን በደንብ አወቁበት፤ ግለ ሂሱ ላይ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ጓድ ግዛቸውም ከመጀመሪያው ብሶ የተጣላ ጥንድ ይዞ ስብሰባውን ዘጋ። ላቀው ከሰው ጋር ይስቃል፣ ይጫወታል፤ ቤቱ ሲገባ ግን አጸደን፣ “ሥርዓት ነው የጠበቅሁት። ምን አጠፋሁ?” ይላታል። እሷም፣ “ምንም። ሥርዓቱን ስትጠብቅ ሰውየው ጠፋብህ እንጂ” ትለዋለች። እንቅልፍ ከዓይኑ ይሸሻል። ሰውየውን በሞት ተነጥቆ አገኘው፤ ካገኘው በኋላ ደግሞ በገዛ እጁ አጣው። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን በላው።

የ72 ስቅለት ደረሰ። ቁስቋም ማርያም ግቢ ነጭ ለብሷል። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ቀዝቃዛ ቢሆንም ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ እየወደቀ እየተነሳ ስለሚሰግድ ላብ ላብ ይላል። ላቀው እንደ ልማዱ ሰገደ፤ የሚፎካከረው ግን አልነበረም። አዲሳለም እስር ቤት የተጎዳው ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ከግንቡ ሥር በመቋሚያ ተደግፎ ቆሟል። ሰዉ ሁሉ ሲወድቅ እሱ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ ማፈሩም ያስታውቃል።

ወደ አመሻሹ ላይ፣ ቀሳውስቱ በወይራ ቅጠል የምእመኑን ጀርባ መታ መታ እያደረጉ ስግደት የሚያዙበት ሰዓት ሆነ። ላቀው ተራው ደርሶ መምሬ ኃይለ መለኮት ፊት አጎነበሰ። መምሬ የንስሐ አባቱ ናቸው፤ ቀልድም ቁጣም ያውቃሉ።

“ምን አጠፋህ?” አሉት።

“ከሰው ተጣልቻለሁ፣ አባቴ። ግን ሥርዓት በማጥበቄ ነው።”

“የብስኩቱ ጊዜም እንደዚሁ ብለኸኝ ነበር። ለመሆኑ በሕማማት ሰላምታ የምንተወው ለምንድን ነው?”

“ጌታ እስኪሰቀል ድረስ በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ሰላም እንዳልነበረ ለማሰብ ነው። ያ ሁሉ ዘመን የኩነኔ ዘመን ነበርና።”

“ጎበዝ። ታዲያ ያን ዘመን የምናስበው ወድደነው እዚያው እንድንቀር ነው ወይስ ሰላሙ እንዲናፍቀን?”

  “አባቴ፣ ለእኔ ሕማማቱ ዓመት ሙሉ አላለቀም” አለ ላቀው። “እሱ ከሞት መጥቶ ቆመ፤ እኔ ስለ ድር ነገርኩት። እጄን ዘርግቼ ነበር፣ አባቴ። ዘርግቼ አወረድኩት።”

መምሬ ወይራውን ጀርባው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ጌታ የተሰቀለው የራሱን ዕዳ ሊከፍል ነው?” ሲሉ ጠየቁት።

“የእኛን ነው እንጂ።”

“አንተስ ከጠዋት ጀምሮ የማንን ስትሰግድ ዋልክ?”

“የራሴን።”

“የጎደለው የራስህ አይደለም። እዚያ ግንብ ሥር መስገድ አቅቶት የቆመ ሰው አለ። ሂድና የሱን ስገድለት። መቶ።”

ላቀው ዞሮ ሄደ። ወገቡ ከጠዋት ጀምሮ ደክሟል፤ ሆዱ ባዶ ነው። አዲሳለም ፊት ቆመ። ሕማማት ስለሆነ ሰላም አላለውም፤ ባይሆንም እንዴት እንደሚጀምር አያውቅም። ዝም ብሎ ነጠላውን አጠበቀና ወደቀ። ተነሳ። ደግሞ ወደቀ።

“ምን ትሠራለህ?” አለ አዲሳለም። ከዚያ ከሂሱ ስብሰባ በቀር በዓመቱ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

“ያንተን ስገድ ተብዬ ነው።”

“ማን ስገድልኝ አለህ?”

“ማንም።” ላቀው ወድቆ ተነሳ። “የተሰቀለውንስ ማን ተሰቀልልኝ ብሎት ነው?”

“ሂድ ወዲያ። የራስህን ስገድ።”

“የራሴን ጨርሻለሁ። ያንተ ነው የቀረው።” ደግሞ ወደቀ።

አዲሳለም ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ጆሮው ግን አልዞረም፤ ከኋላው የጓደኛው ትንፋሽ እየከበደ፣ መነሳቱ እየዘገየ ሲሄድ ይሰማዋል። ሰባ አካባቢ ላይ አንድ ነገር ዷ አለ። ዘወር ሲል ላቀው በግንባሩ ተደፍቶ፣ አፍንጫው አፈር መስሎ፣ መነሳት አቅቶት ይታገላል። አዲሳለም መጀመሪያ ሳቀ። ሳይወድ ነው የሳቀው፤ ያ አፍንጫ ሁልጊዜ ከባለቤቱ ቀድሞ መሬት እንደሚደርስ ከጭነት መኪናው ጉዞ ጀምሮ ያውቃል። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠበት። መቋሚያውን ጥሎ፣ በማይታጠፈው እግሩ እየተንገዳገደ ጎንበስ ብሎ በብብቱ ይዞ አነሳው። አቧራውንም ሳያራግፍለት፣

“እንደምን ከረምክ፣ ላቀው?” አለው።

አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ክው አሉ። በሕማማት፣ በስቅለት ቀን፣ በማርያም ግቢ! “ኧረ በሕማማት!” ብሎ ከሁሉ በላይ የጮኸው ነጠላ ተከናንቦ ከጥድ ሥር ተደብቆ ሲሰግድ የነበረው ጓድ ግዛቸው ነው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው ወዲያው ተሸፋፈነ።

ላቀው ግቢውን አየ። የተዘረጉትን የአዲሳለምን እጆችም አየ። ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ሥርዓት አውቆ አፍርሶ አያውቅም። ያቺን ማክሰኞ አስታወሳት፤ ልቡም እምቢ አለው። እንደ ሸፊ አንገቱ ላይ ተጠመጠመና፣ “እግዚአብሔር ይመስገን! አንተስ ደህና ነህ? ደህና ነህ ወይ፣ ወንድሜ?” እያለ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ትከሻውን ሳመው። በዓመት የተጠራቀመውን ሰላምታ ባንድ ጊዜ አፈሰሰው። “ይቅር በለኝ” ይላል በመሀል። “ድሩን አይጥ አልበላውም ነበር” ይላል አዲሳለም እያለቀሰ።

መምሬ ኃይለ መለኮት ወይራቸውን እንደያዙ መጡ። ላቀው አሁንም ሥርዓት አይለቀውምና፣ “አጠፋን፣ አባቴ?” አላቸው።

“አጠፋችሁ እንጂ” አሉ መምሬ። ጺማቸው ግን ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ አፍነው ነበር። “ስሙኝ። ሰላሙ የተደረገው ዛሬ ነው፤ መስቀሉ ላይ፣ በደሙ። ነገ ቀጤማ ይዘን በየቤቱ የምንዞረው ዜናውን ልንነግር ነው። እሑድ ደግሞ ሞት ሰላሙን ሊያስቀረው እንዳልቻለ የታየበት ነው። ሰላሙን አላበላሻችሁትም። ዜናውን ግን ከቤተ ክርስቲያን ቀድማችሁ አወጃችሁ። ስለዚህ ሰላምታውን የጀመረው አርባ አንድ ይስገድ።”

አዲሳለም ጉልበቱን አየ። መምሬም ጉልበቱን አዩ። ከዚያ ሁለቱም ላቀውን አዩት።

ላቀው አፍንጫው ላይ ያለውን አፈር ጠረገና ሳቀ፤ ዓመት ሙሉ እንዲህ አልሳቀም። “ቁጠር” አለው ጓደኛውን። አዲሳለም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ዕንባውን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ፣ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። የላቀው ወገብ አሳዘነውና ሃያ ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ ወደ ሃያ አምስት ዘለለ። ላቀው ግን ከመሬት ቀና ብሎ፣ “ያንተ ነው፤ አንድም አትጎድልም” አለና ከሃያ አንድ አስጀመረው።