ባለላቫጆው የከሰሰኝ ጊዜ

ሰው አመስግን ሲሉኝ ፊቴ ይጠቁራል። ዕድሜዬን ሁሉ ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩት ለሰው ቤት ነው፤ ቤቱ ሲያልቅ ደግሞ "በል ሂድ" ነው የተባልኩት። ይህን የምጽፈው ግን ለማመስገን ነው። ያላመነ ይተወው።

አዘዞ፣ ከኛ ሰፈር በላይ፣ አንድ ሀብታም ወንዝ ዳር ላቫጆ ከፈተ። ሚኒባሱም ገልባጩም እዚያ ይታጠባል። ሳሙናውና የተቃጠለው ዘይት ቁልቁል ወርዶ ልብስ ከምናጥብበት፣ ከብት ከምናጠጣበት ይደርሳል። ላሜ አንድ ጠዋት ውሃውን አሽትታ ፊቷን አዞረች። በዚያው ውሃ ያበቀለችውን ጎመን ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገው ጎረቤቴም ገበያ ወጥታ "ናፍጣ ናፍጣ ይላል" ተብላ ከነሸክሟ ተመለሰች።

የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ሄድኩ። ስለ ጽዳት ነው አሉ። ስለ ጽዳት ከሆነማ ብዬ ተነሣሁ።

"ይህ ሰውዬ ማኪና ያጥባል፣ እኛን ያቆሽሻል። ወንዛችንን ያበላሸው እሱ ነው። ወይ የቆሻሻ ጉድጓድ ይቆፍር፣ ወይ ይዝጋ!"

ሰውዬው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይሰማኛል። ጎረቤቴ ከኋላዬ "እውነቱን ነው!" ብላ ጮኸች። ተጨበጨበልኝም።

ብዙም ሳይቆይ መጥሪያ መጣ። ስሜን አጠፋ ብሎ ከሶኛል። የጠየቀው ካሳ ቤቴ ተሸጦም አይሞላም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ ወዲህ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ወረቀቱን ማንም አላነበበልኝም፤ በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ ተወጣሁት። "ተከሳሽ" ከሚለው ቀጥሎ የራሴን ስም ሳገኝ መማሬን ረገምኩ።

ከኔ ገንዘብ እንደማያገኝ እሱም ያውቃል። የፈለገው አፋችንን ማዘጋት ነበር፤ ተሳካለትም። ጎረቤቴን መንገድ ላይ አገኘኋትና "መቼም ትመሰክሪልኛለሽ" አልኳት።

"ምኑን?"

"'እውነቱን ነው' ብለሽ ጮኸሽ የለም እንዴ?"

"እኔ? አስሎኝ ይሆናል። ምነው አያ፣ እኔንም ልታስከስሰኝ ነው?"

ጎንደር ከተማ ወጥቼ ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄድኩ። አንዲት ወጣት ጠበቃ ነገሬን ሰምታ ስትጨርስ "አባባ፣ የተናገሩት ውሸት መሆኑን እያወቁ ነው?" አለችኝ።

"ላሜን ጠይቂያት" አልኳት።

ሳቀችና የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከፈተች። ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ሐሳቡን የተናገረ ሰው፣ ንግግሩ ሌላውን ቢያስጠላም እንኳ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ካልተናገረ በቀር ጥፋተኛ አይባልም የሚል አለበት። "ወዲህ በይው፣ እኔ ላንብበው" አልኩ። አነበብኩት። መልሼም አነበብኩት። የጻፈውን ሰው አላውቀውም፤ ይሄኔ ሞቷል። ሳያውቀኝ አስቦልኝ ነበር። ነፍሱን ይማረው።

"ሕጉስ አለ፤ ግን ምስክር ያስፈልገናል" አለችኝ። ምስክር ከየት ይምጣ? ሰፈሩ ሁሉ አስሎታል።

ከችሎቱ በፊት ሰውዬው ሽማግሌ ላከብኝ። አንድ ቄስና አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ፣ ሁለቱም ቃላቸው የሚከበር ሰዎች ናቸው።

"ስብሰባ ላይ ተነሥተህ 'ተሳስቻለሁ' በል፤ ክሱን ያነሣልሃል" አሉ ቄሱ።

"በል እንጂ፣ ምን ይጎልብሃል!" አለች ሚስቴ ከጓዳ።

ሽማግሌ አሳፍሮ መመለስ ነውር ነው። ተሳስቻለሁ ብል ደግሞ በዚያ ሰፈር ከእንግዲህ ማንም አፉን አይከፍትም፤ ወንዙም የዘይት እንደሆነ ይቀራል።

"እታረቃለሁ" አልኩ። "ግን የሱን በደል ሰምታችሁ መጣችሁ። የኔንስ ማን ይስማ?"

ቄሱ ሐጂውን አዩ። ሐጂው ከዘራቸውን አነሡ። "ልክ ነው፣ አንድ ወገን ብቻ ሰምተን አናስታርቅም። የት ነው ውሃው?"

ይዣቸው ወረድኩ። ሐጂው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ነከሩና ጣታቸውን አሻሹ። "አባ፣ እስቲ ይህን ያሽቱ።"

"ናፍጣ!" አሉ ቄሱ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው።

"የኔ ሱቅ ያለው በሰውዬው ሕንፃ ላይ ነው። እንግዲህ አዲስ ሱቅ ልፈልግ" አሉና ሐጂው ሳቁ።

ከዚያው ወደ ላቫጆው ወጡ። ጉድጓድ ቆፍር፣ ክሱንም ተው አሉት። "የላክኋችሁ እሱን እንድትመክሩ ነው እንጂ እኔን ነው?" ብሎ መለሳቸው። እነሱም ችሎት ቀርበው ያዩትን መሰከሩልኝ። ራሱ የላካቸውን ሽማግሌዎች ዋሾ ናቸው ሊል ነው? ዳኛው ያንኑ ያነበብኩትን አንቀጽ ጠቅሶ ክሱን ውድቅ አደረገው። ስለ ውሃው ፍርድ ቤቱ ምንም አላለ። ቀበሌውን ዕረፍት ነሥተው ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው።

ሐጂው እንዳሉት ሱቁን ለቀቁ። አዲሱ ሱቃቸው ሄጄ "በኔ ምክንያት..." ብዬ ስጀምር፣ "በውሃው ነው እንጂ ባንተ አይደለም። ጨርቅ ትገዛለህ ወይስ የሱቄን በር ትዘጋብኛለህ?" አሉኝ። ለሚስቴ አንድ ሸጋ ጨርቅ ገዛሁ።

ቀጥሎ በተጠራው ስብሰባ ጎረቤቴ እጇን አወጣች። እኔን ልታመሰግን ነው ብዬ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ።

"የኚህ የአያ የፍግ ክምር ቦዩን ዘግቶታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ እኔ ቤት ይገባል!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ።

"ዛሬስ አላሳለሽም?" አልኳት።

"ድኛለሁ!" አለች።

በማግስቱ ጠዋት እየተራገምኩ ፍጉን ዛቅሁ። ብከሳትም እንደማልረታት በገዛ ዓይኔ አንብቤያለሁ።