በኦቦ መኮንን አፍ ላይ ያለ ቤት

የቡራዩዋ ፋናዬ ሰው ማመን አይሆንላትም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ሲሰጣት ብሩን ወደ መስኮቱ አንስታ ታያለች። ወተት ሻጯ ፊት ቆማ ወተቱን ታሸታለች። ቄስ ሲባርካት እንኳን አንድ ዓይኗን አትጨፍንም። "ምነው እንዲህ ሆንሽ?" ሲሏት፣ "ጉለሌ ያደግኩበት ቤት ሲፈርስ ቆሜ ያየሁ ሰው ምን ልሁን?" ትላለች። እውነቷን ነው። "ማንም አይነካችሁም" ብለው የማሉላቸው ሰዎች ናቸው ዶዘሩን ከፊት እየመሩ የመጡት።

በሕይወቷ ያመነችው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ኦቦ መኮንን። ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ስትገባ አከራይዋ እሳቸው ነበሩ። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ኪራይ ሳይጨምሩባት አኖሯት፤ ልጇን ሉቃስን ክርስትና አነሱላትና አበልጅ ሆኑ። ከዓመታት በኋላ በስፌት ያጠራቀመችውን ይዛ ከግቢያቸው ጥግ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስትገዛቸው፣ ውሉ የተጻፈው እዚያው በረንዳቸው ላይ ነው። ምስክሮች ፈረሙ፣ ሽማግሌ መረቀ፣ ጠላ ተጠጣ፣ አለቀ። "ውልና ማስረጃ ሄደን እናስመዝግበው" የሚል ሰው ቢነሳ ሁለቱም ያፍሩ ነበር። አበልጅ ከአበልጁ ጋር መንግሥት ፊት ቆሞ ይዋዋላል እንዴ? ካርታው በእሳቸው ስም እንደሆነ ቀረ።

ጉዱ የመጣው በሬዲዮ ነው። አንድ ጠዋት አስኮ ወዳለው ስፌት ቤቷ ስትሄድ የታክሲው ሬዲዮ ስለ ሕግ ያወራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ይላል ሰውየው፣ የቤት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ካልተደረገ አይጸናም ብሎ ወስኗል። ተሳፋሪው ሁሉ ያንቀላፋል። ፋናዬ ግን ክው አለች።

የዚያን ዕለት ማታውኑ ጎረቤቷን ጠበቃውን ኤርምያስን ደጃፉ ላይ ያዘችው።

"ይኸውልሽ" አላት፣ "ድሮ ቢሆን አያትሽ ዙፋን ችሎት ድረስ ሄደው ጃንሆይ ፊት ይጮሁ ነበር። ዛሬ የመጨረሻው በር ሰበር ነው። እዚያ አምስት ዳኛ ተሰይሞ ሕግ ከተረጎመ፣ ከዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ወዲህ ያ ትርጉም የበታቹን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል። የቡራዩ ዳኛ 'ለእኔ እንዲህ አይመስለኝም' ማለት አይችልም።"

"በቃ አለቀልኝ በለኛ!"

"ቆይ እንጂ። ያው ችሎት ኋላ ላይ ነገሩን አለዝቦታል። ሻጩ መሸጡን ካልካደ፣ አልተመዘገበም ተብሎ ብቻ ውሉ አይፈርስም። ስለዚህ ቤትሽ ያለው በኦቦ መኮንን አፍ ላይ ነው።"

ኤርምያስ ደግ ነገር የተናገረ መስሎት እራቱን ሊበላ ገባ። ፋናዬን ግን ለጅብ እንደሰጣት አላወቀም። ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ከሽማግሌው አፍ ላይ አልነቀል አለ። ዝም ሲሉ "ምን እያውጠነጠኑ ነው?" ትላለች። ሲስቁ "ምን አግኝተው?" ትላለች። ሲያስሉ ዝንጅብል አፍልታ ትሮጣለች፤ ለጤናቸው ይሁን ለቃላቸው እሷም ለይታ አታውቀውም። እሳቸው ምስኪን "ጋለቶሚ፣ ፋኔ" እያሉ አመስግነው ይጠጣሉ።

በዚህ መሀል ልጃቸው ስምዖን ከሱሉልታ መጣ። ቀያሾች ይዞ ነው የመጣው። ሜትሩን ዘርግተው የሳቸውን ግቢ ሲለኩ ቆይተው፣ የሷንም ደጃፍ ለኩ። ብቅ ስትል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አካባቢው ሸገር ከተማ ከተባለ ወዲህ የመሬት ነገር ሰውን ሁሉ አሳብዶታል። ስምዖን ፈገግ ብሎ "አከም፣ ፋኔ?" ሲል ሰላም አላት። ያቺን ፈገግታ አልወደደቻትም።

በማግስቱ ስልኳን እንዲቀዳ አድርጋ ነጠላዋ ስር ሸጎጠችና እሳቸው በረንዳ ላይ ተቀመጠች።

"ኦቦ መኮንን" አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ያቺን ቤት አንቱ የሸጡልኝ ሉቃስ ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው አይደል?"

ሽማግሌው መለስ ብለው አዩዋት። ከዚያ ነጠላውን አዩ። የስልኩ መብራት በሳሱ ክሮች መሀል ይታይ ነበር።

"ፋኔ፣ ስልኩ ምን እየሰማ ነው?"

"ኧረ ምንም!"

በርጩማቸውን አንስተው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝንጅብሏን አልቀበል አሉ፤ ሰላምታዋንም በራስ ንቅናቄ ብቻ ይመልሱ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን "አስቀየምኳቸው" ይል ነበር። ፋናዬ ግን "ይኸው! ሊክዱኝ ነው" አለች።

"እባክሽ መጀመሪያ አነጋግሪያቸው፤ ካርታውን ወደ ስሜ አዙሩልኝ በያቸው" አላት ኤርምያስ።

"ባነጋግራቸው አነቃቸዋለሁ እንጂ ምን አገኛለሁ?" አለችና አበልጇን ከሰሰች።

ችሎቱ የሚያስችለው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ለፋናዬ አስተርጓሚ ቆመላት። ኦቦ መኮንን የበዓል ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቀረቡ። ስምዖን ከኋላቸው ተቀምጦ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ፣ ጎንበስ ይላል። ፋናዬ እነዚያን ሁለት ክፍሎች ካጣች የምትሄድበት የላትም።

ዳኛዋ ጠየቁ፤ ይህን ቤት ለከሳሽ ሸጠዋል ወይስ አልሸጡም?

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፋናዬ አፋቸውን አየች።

"ኤዬ" አሉ። "ኢቲን ጉርጉሬ።"

አስተርጓሚው "አዎ፣ ሸጬላታለሁ" እስኪል አልጠበቀችም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ስምዖን ፊቱን አዙሮ ግድግዳ ያይ ጀመር።

ኦቦ መኮንን ግን አልተቀመጡም። የሚጨምሩት ነገር እንዳለ ተናገሩ፤ አስተርጓሚው እየተከተለ መለሰው።

"ልጄ ካድ ብሎ ሲወተውተኝ ከረመ። አበልጄ ደግሞ ይክዳል ብላ ስልክ ደበቀችብኝ። አንዱ በቤቴ ያደገ ነው፣ አንዷ በግቢዬ የኖረች ናት። ሁለቱም አላወቁኝም። ልጅነትን ማፍረስ እንደማይቻል አውቃለሁ። ክብርት ዳኛ፣ ቢያንስ ይህን አበልጅነት ያፍርሱልኝ።"

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"አባቴ፣ ለዚህ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም።"

"ከዚህ በላይ ያለውስ? ሰበር የሚሉትስ?"

"እሱም የለውም።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አናታቸው ላይ ደፉ።

"እንግዲያው እኔው ፈርጄዋለሁ" አሉና ወደ በሩ ሄዱ።

ፋናዬ ችሎት መሆኑን ረስታ ብድግ አለች። "አበልጄ!" ብላ ጮኸች፤ ደግማም ጮኸች። ዞር አላሉም።