ማኅተም ያላት አዋላጅ

«ማኅተሙን ሳታዪ ሆድሽን እንዳታስነኪ» ብሎ ነበር ባሏ ደጊቱን ወደ ቆሰበር ክሊኒክ የላካት። የበኩር ልጇ በምጥ ሞቶባታል፤ ስለዚህ አሁን የምትሻው ተምራ የተመረቀችውን የመንግሥት አዋላጅ ነው። መቼም እንዲህ ያለችው ሴት ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ተኮፍሳ ትቀመጣለች ብላ ነበር። ክሊኒኩ በር ላይ ያገኘቻት ግን የወንድ ካፖርት የደረበች፣ ጥፍሯን ከሥሩ የከረከመች አጭር ሴት ሆነች፤ ገና ከጥሊሊ በፈረስ መመለሷ ነው፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል።

«ወረቀትዎን ያሳዩኛል?» አለች ደጊቱ እያፈረች።

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። ከኮርቻው ላይ ከተንጠለጠለ የቀርከሃ አንጓ ውስጥ የምስክር ወረቀቷን መዛ አወጣችና ዘረጋችላት። ደጊቱ ማንበብ አትችልም፤ ማኅተሙ ክብ መሆኑን አይታ ረካች።

አልጋው ላይ ስትጋደም ግን ሴትዮዋ አልነካቻትም። እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ቆመች።

«ምነው፣ ምን አዩብኝ?» አለች ደጊቱ ደንግጣ።

«እጄ እስኪሞቅ ነው» አለች ሴትዮዋ። «እኔን በምጤ ጊዜ በቀዝቃዛ እጅ ነክተውኛል።»

«እርስዎ ስንት ወለዱ?»

ሴትዮዋ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ሙቀቱን ለካችና መልሳ ወሸቀችው።

ደጊቱ መቀነቷን ራሷ ፈታች።