ዴጎና የሊቀመንበሩ ፓፓያ

ወልደሩፋኤል ጅግጅጋ ሲመደብ የተነገረው ለስድስት ወር ብቻ ነበር። ስምንት ዓመት ተቀመጠ።

የደብረ ሲና ልጅ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ከሲታ፣ አይን አፋር የቧንቧ ሠራተኛ። አለቃ ፊት ሲቆም ቃል አይወጣውም፤ ሲዋሽ ደግሞ ጆሮዎቹ እንደ በርበሬ ይቀላሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ አይዋሽም ነበር። በ1974 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሲወርድ ልብሱን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ አንድ የብረት ሳጥን ግን ከሐረር ጀምሮ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ነው የመጣው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ከመሬት በታች የተቀበረ ቧንቧና የመብራት ገመድ የሚፈልግ መሣሪያ ነው። አጠቃቀሙን አዲስ አበባ ላይ አራት ቀን አስተምረውታል። መሣሪያው ሁለት ነው። አንዱ፣ ላኪው፣ ቧንቧው ከመሬት ብቅ ባለበት ቦታ በሽቦ ይታሰርና በብረቱ ውስጥ ድምፅ ይልካል። ሌላው ዘንግ ያለው ተቀባይ ነው፤ ሰው ይዞት ሲሄድ ከእግሩ ሥር ቧንቧው ካለ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ይጮሃል፣ ከመስመሩ ፈቀቅ ሲል ዝም ይላል።

ከተማው ይህን መሣሪያ አጥብቆ ይፈልገው ነበር። የውሃ መስመሩ ፕላን በጦርነቱ ጊዜ ተቃጥሏል፤ መስመሩን የቀበሩት ሰዎችም የሉም። የላይኛው ሰፈር ቧንቧ ሲከፈት የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ከሆነ ዓመት አልፎታል። መስመሩ የት ላይ እንደተበላሸ ለማወቅ ቆፋሪዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ በግምት ቆፍረው ያገኙት የአህያ መንጋጋና የአንድ እግር ቦቲ ጫማ ነው።

ወልደሩፋኤል በመጀመሪያው ቀን ማልዶ ወጣ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ዘንጉን ወደ መሬት ቀስሮ፣ አይኑን ተክሎ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ሌላውን እያስከተለ በቀስታ መንገድ ጀመረ። ጦርነቱ ካለፈ ገና አራት ዓመቱ ነው። የጅግጅጋ ሰው እንዲህ ዘንግ ይዞ የሚራመድ ሰው ቀደም ሲል አይቷል፤ የሚፈልገውም ፈንጂ ነበር።

መንገዱ ባንድ አፍታ ጭር አለ። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን እሳት ላይ ትቶ ሮጠ። ፀጉር አስተካካዩ ኸሊፍ ደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላቱን ላጭቶ በመስኮት ዘለለ፤ ደንበኛውም ነጭ ጨርቁን እንዳሸረጠ ተከተለው። ጥበቃ ላይ የነበረው አስር አለቃ ተሻለ ከርቀት ጮኸ።

«ቁም! ባለህበት ቁም! እግርህን እንዳታነሳ!»

ወልደሩፋኤል ጆሮው ተደፍኗል፤ ምንም አልሰማም። እግሩን አነሳ። አስር አለቃው መሬት ላይ ተኛ። ወልደሩፋኤል ሌላውንም አነሳ። አስር አለቃው አይኑን ጨፈነ። ምንም ሳይፈነዳ ሲቀር ቀና ብሎ ቢያይ፣ ሰውዬው አጠገቡ ቆሞ ማዳመጫውን አውልቋል።

«ጌታዬ፣ አሞዎት ነው?» አለው ወልደሩፋኤል። «ከቻሉ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ፤ የተኙት ቧንቧው ላይ ነው።»

ወሬው ከሰዓት በፊት ከተማውን አዳረሰ። ስም ለማውጣት የጅግጅጋን ሰው የሚያህለው የለም፤ በማግስቱ ወልደሩፋኤል የሚባል ሰው ቀርቶ «ዴጎ» የሚባል ሰው ተተካ። በሶማልኛ ጆሮዎች ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የሚሸሸው ቀርቶ ተከታዩ አስቸገረ። መሣሪያው ፈንጂ ካልፈለገ የሚፈልገው ወርቅ መሆን አለበት ተባለ። ሰው በጦርነቱ ጊዜ ያልቀበረው ነገር የለም፤ ብርቱ ፍላጎት ያላት ግን ሻይ ቤት ያላት ሉል ነበረች። ሉል ደልደል ያለች፣ ድምፀ ጎርናና፣ አማርኛዋን ከወታደርና ከአስተማሪ የተማረች ሴት ናት። ወልደሩፋኤል ቤቷ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ ሳለ ከፊቱ ቆመች።

«ዋርያ፣ አንተ ዴጎ፣ ወደ ባቢሌ ስንሸሽ የብር አንገት ጌጤን ጓሮ ቀብሬያለሁ። ስመለስ ምልክት ያደረግሁት ግንቡም ዛፉም የለም። ናና ፈልግልኝ።»

«ኤዶ ሉል፣» አለ፣ እንደ አገሩ ልማድ አክስቴ ብሎ በአክብሮት፣ «ይኼ መሣሪያ ብር አያገኝም። የሚሰማው እኔ ላኪውን ያሰርኩበትን ብረት ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ጌጤ ላይ እሰርበት።»

«ጌጡ የት እንዳለ ሳላውቅ እንዴት አስርበታለሁ?»

ሉል ወገቧን ያዘች። «ወላሂ፣ መንግሥት ከአዲስ አበባ ድረስ የላከህ ያለበትን የምታውቀውን ነገር እንድትፈልግ ነው?»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወልደሩፋኤል ሻዩን ባንድ ትንፋሽ ጨልጦ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ላኪውን ከውሃ ማጠራቀሚያው ሥር ካለው ቧንቧ ላይ አስሮ ዋናውን መስመር መከተል ጀመረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ከተማም ሥራውን «ለመምራት» መጡ። ጓድ ከተማ ቦርጫቸው የቀደማቸው፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ሲናገሩ እንኳ ድምፅ ማጉያ የያዙ የሚመስሉ ሰው ናቸው። በየስብሰባው ስለ ውሃ ቁጠባ ይናገራሉ። ከግቢያቸው ግንብ በላይ ግን ስድስት የፓፓያ ዛፎች ለምልመው ይታያሉ። ሰው ሲጠይቃቸው «በዕቃ እጣቢ ነው ያሳደግኳቸው» ይላሉ። ማንም ያን ያህል ዕቃ ሲታጠብ አላየም።

ሰልፉ ተጀመረ። ፊት ወልደሩፋኤል፣ ቀጥሎ ሊቀመንበሩ፣ ከኋላ ቆፋሪዎች፣ ከቆፋሪዎች ኋላ ደግሞ ባዶ ጀሪካን የያዘ የላይኛው ሰፈር ሰው ሁሉ። ድምፁ በመንገዱ ዳር ቀጥ ብሎ ወሰደው። ከዚያ ሳይታሰብ ወደ ግራ ታጠፈ። ወልደሩፋኤል ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ሞከረ። ወደ ላይኛው ሰፈር በሚሄደው በኩል ድምፁ የወባ ትንኝ ያህል ነው፤ በግራ በኩል ግን ጆሮ ያደነቁራል። የግራውን ተከተለ። ቀና ሲል ከፊቱ የቆመው የጓድ ከተማ የብረት በር ነው።

«ታዲያስ?» አሉ ሊቀመንበሩ ከኋላው። «ወዴት ነው የሚለው?»

ዘመኑ ሊቀመንበር የሚያስቀይሙበት ዘመን አልነበረም። እቤቱ ደብረ ሲና ያሉት እናቱ ትዝ አሉት። ደግሞ ድምፁን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው፤ ማን ያውቅበታል?

«ጠፋብኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ።

ጆሮዎቹ ከማዳመጫው ዳር ዳር ቀልተው ታዩ።

«ጠፋ? እንዴት ይጠፋል?» አለች ሉል፤ እሷም ሁለት ጀሪካን ይዛ ከሰልፉ መሀል ነበረች። ጀሪካኖቿን ለሰው አስይዛ መጣች። «አምጣው እስቲ፣ እኔ ልስማ።»

«ኤዶ፣ ሥልጠና ያስፈልገዋል…»

«ጆሮ ነው የሚያስፈልገው። ሁለት አለኝ።»

ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አንስታ ሻሿ ላይ ደፋችው፤ ዘንጉንም ነጠቀችው። ወዲያው «ኡኡ! ይጮሃል!» አለች፤ ጆሮዋ ስለተደፈነ የራሷ ጩኸት እስከ ገበያው ተሰማ። ዘንጉን እንደ ፍየል ገመድ እያስቀደመች በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ሊቀመንበሩ «ፈቃድ! ፈቃድ ያስፈልጋል!» ቢሉም ሉል አትሰማም፤ ሕዝቡ ደግሞ መስማት አልፈለገም። ሁሉም ተከትሏት ገባ።

ሉል የቆመችው ከፓፓያዎቹ ሥር ነው። አጠገባቸው የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ውሃው ከአፉ ሞልቶ ይፈስሳል። ገንዳው ላይ አራት ዳክዬዎች ይዋኛሉ። ጀሪካን የያዘው ሕዝብ ዳክዬዎቹን አየ። ዳክዬዎቹም ሕዝቡን አዩ።

በመጨረሻ ጓድ ከተማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጓዶች! ይህ የፀረ አብዮተኞች ሥራ ነው! እኔን በሕዝብ ፊት ለማሳጣት በድብቅ ግቢዬ ድረስ ቧንቧ ዘርግተውብኛል!»

«ዳክዬዎቹንስ?» አለ ኸሊፍ ከኋላ።

ሊቀመንበሩ ወደ ገንዳው ዞሩ። «እሱ ገና በመጣራት ላይ ነው» አሉ።

ቆፋሪዎቹ ቆፈሩ። ከዋናው መስመር ተቀጥሎ የገባ፣ የክንድ ያህል የወፈረ ቧንቧ አገኙ። ወልደሩፋኤል በገዛ እጁ ቆርጦ ደፈነው። በማግስቱ ጠዋት የላይኛው ሰፈር ቧንቧ ሦስቴ አስነጠሰ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ውሃ ወረደ። ጓድ ከተማም በቦታው ተገኝተው «የተደበቁትን ጠላቶች ያጋለጠው የቀበሌው አመራር» ስላደረገው ትግል አንድ ሰዓት ተናገሩ። ሰው እስከ መጨረሻው አጨበጨበላቸው፤ ጀሪካኑ እስኪሞላ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ወልደሩፋኤል ግን ሁለት ቀን እህል አልገባ አለው። በሦስተኛው ቀን ሻይ ቤት ሄዶ ሉል ፊት ቆመ።

«ኤዶ ሉል፣ ያን ቀን ዋሽቻለሁ። ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ብርጭቆ እያለቀለቀች። «ጆሮህን አይቼ አይደል የመጣሁት? ተቀመጥ። ከእንግዲህ ስትፈራ ማዳመጫውን ለእኔ ስጠኝ፣ እኔ እጮህልሃለሁ። አንተ ቆፍር።»

ከዚያ በኋላ እንዲያ ሆነው ሠሩ። ቀብሪበያ ድረስ ሲላክ እንኳ፣ ባለሥልጣን ግቢ አጠገብ ሲደርስ «ባለሙያ አስመጣለሁ» ብሎ ለሉል መልእክት ይሰድ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ይህን ባለሙያ በሠራተኛ መዝገቡ ፈልጎ አላገኘውም።

ወልደሩፋኤል የተቃጠለውን ፕላን የሚተካ ፕላን በደብተር ሣለ። ስምንት ዓመት ፈጀበት። ሜትር ስላልነበረው በእርምጃ ለካ፤ «ከኸሊፍ ፀጉር ቤት ደፍ ወደ ምሥራቅ አርባ አንድ እርምጃ፣ ከመስጊዱ ግንብ ጥግ ዘጠኝ እርምጃ» እያለ ከተማውን በሙሉ ጻፈው። በ1982 ዓ.ም. ወደ ባቢሌ ሲዛወር ደብተሩን በቦታው ለተተካው ለጉሌድ አስረከበ። ጉሌድ ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ ቁመቱ ግን ከወልደሩፋኤል ብብት አያልፍም።

ወር ሳይሞላ በሾፌር እጅ ከጉሌድ አንዲት ወረቀት መጣች። «ወንድም ዴጎ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። በደብተርህ መሠረት አሥራ አንድ ጉድጓድ ቆፍሬ አሥራ አንዱንም ጊዜ ቧንቧው ጋ ሳልደርስ ቀረሁ። መሣሪያው ባትሪ ጨርሷል። የእርምጃህን ልክ ላክልኝ።»

ወልደሩፋኤል ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ፣ የሲፓጎ ገመድ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ጎረቤቶቹ እያዩት አንድ እርምጃ ተራመደ። በሁለት እግሮቹ መሀል ያለውን ገመድ ቆረጠ፤ ጠቅልሎ በፖስታ ከተተ፤ ወደ ጅግጅጋ ለሚመለሰው ለዚያው ሾፌር ሰጠው።

ጉሌድ በአሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ ቧንቧውን አገኘ።