ላፕቶፕ ውስጥ ያለችው ሉማሜ

እንደ እኔ ላለ የኮምፒውተር ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ ከሥራ መሰናበት ማለት አዲስ አበባ መሄድ ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ታማለች፤ ከእኔ ሌላ የሚያነሳት የለም።

ሥራ አስኪያጃችን ቁርጡን ነግረውናል። የኅብረት ሥራ ማኅበራችን የሉማሜ፣ የጉንደ ወይንና የደምበጫ ቅርንጫፎች ከዋናው ቢሮ ጋር የሚገናኙበትን ቪፒኤን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ ባዳ የማያየው የራሳችን መስመር፣ እኔና ባልደረባዬ ለቦርዱ ሠርተን እናሳያለን። ከሠራ እኛው እንይዘዋለን። ካልሠራ ለአዲስ አበባ ድርጅት ይሰጣል፤ እኛም እንሰናበታለን። ዕቃው ገና ስላልተገዛ ሦስቱን ከተሞች ላፕቶፕ ውስጥ፣ እውነተኛውን መሣሪያ በሚያስመስል ኢምዩሌተር ፈጠርናቸው። ትናንት ሦስቱም አረንጓዴ እንደበሩ ነበር ትቻቸው የወጣሁት።

ጠዋት ቦርዱ ፊት ስከፍተው ሦስቱም ቀይ ናቸው። አጠፋሁ፣ አስነሳሁ፤ አሁንም ቀይ።

«ልጄ፣ ሉማሜ የት ሄደች?» አሉኝ አንድ ቄስ የቦርድ አባል፣ ከልባቸው።

«አለች አባ፣ አሁን ትመጣለች» አልኩ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ላመጣት ብችል እሄድ ነበር። ጭራሽ መብራት ጠፋ። ባይጠፋ ነበር የሚገርመኝ! አምላኬን እየለመንኩ በባትሪ ብቀጥልም ጠብ የሚል ነገር የለም።

«በቃ ልጄ፣ አትጨነቅ» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ ቦርዱን አስከትለው ወጡ። ያ «አትጨነቅ» ገደለኝ።

ባልደረባዬ ቀስ ብላ ተጠጋችኝ። «እኔ እኮ ትናንት ከወጣህ በኋላ ቀኑን ብቻ ነው የነካሁት።»

«የምን ቀን?»

«የፈረንጁን ነበር የሚያሳየው። አባቶች ሲያዩት እንዲገባቸው ብዬ በእኛ አደረግሁት።»

ሰማይ ተደፋብኝ። መሣሪያዎቹ መስመር ከመክፈታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ዲጂታል መታወቂያ ያያል። መታወቂያው የተሰጠው ዘንድሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በእኛ ሲሆን መሣሪያዎቹ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ገና ያልደረሰ ቀን የተጻፈበትን መታወቂያ ማን ይቀበላል? ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። የእሷም እንጀራ መሆኑ ትዝ አለኝና ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ።

ቀኑን መለስኩት። ሉማሜ በራች፤ ጉንደ ወይን ተከተለች፤ ደምበጫ ትንሽ አንገራግራ በራች። ላፕቶፑን ታቅፌ ሮጥኩ። ሥራ አስኪያጁን ኮሪደር ላይ፣ ስልክ ጨርሰው ሲዘጉ ደረስኩባቸው።

«ጌታዬ፣ ሠራ! ይዩት!»

ቆመው ሦስቱንም አዩ። ከልባቸው ደስ አላቸው፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ጎበዝ! እግዚአብሔር ይስጥህ። ሰኞ የድርጅቱ ሰዎች ከአዲስ አበባ ሲመጡ ልክ እንዲህ አድርገህ ታስረክባቸዋለህ።»