ፕላዝማው ሲመልስልኝ

አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ያስተማረኝ ፕላዝማ ነው። ከቴሌቪዥኑ ውስጥ መምህሯ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ እኛ በጩኸት እንመልሳለን፣ እሷም «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታልፋለች። ብናውቀውም ብንስተውም ያው «ቬሪ ጉድ» ነው። ንድድ ይለኝ ነበር። በዚያች ዝምታ ጊዜ እሷ ምን ትሠራ ይሆን እያልኩም አስብ ነበር።

አሁን የምኖረው ኬንያ ነው። ካሳራኒ በሚባል ሰፈር በር ለበር የምንኖር ኬንያዊ ጎረቤቴ፣ ለትምህርት ቤቶች ትምህርት የሚቀረጽበት ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራማን ነው። ባለፈው ለመንኩትና ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ይዞኝ ሄደ። ስቱዲዮ የተባለው፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው። ጥግ ላይ ፍሪጅ የሚያክል የድሮ ካሴት መቅረጫ ቆሟል፤ አሁን ጃኬት መስቀያ ሆኗል።

መምህሩ ጠመኔ እንደያዘ ካሜራውን እያየ «ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው?» አለና ዝም አለ። ጎረቤቴ ከካሜራው ኋላ ሆኖ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረ። አምስቱ ሲያልቁ መምህሩ ይቀጥላል። ለካ ያቺ ዝምታ የጣት ቆጠራ ኖራለች!

እኔ ግን ሦስተኛው ጣት ላይ፣ በልማዴ፣ «ሁለት አምስተኛ!» ብዬ ጮህኩ።

ቀረጻው ተበላሸ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መምህሩ ከካሜራው ዞር ብሎ አየኝና «አይደለም፣ ተሳስተሻል» አለ፤ ጠመኔውንም ዘረጋልኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ለፕላዝማ ስመልስ ኖሬ፣ የሰማኝ እሱ ብቻ ነው።