ማኅተም ያረፈበት የቫዮሊን ፕሮግራም

ሙሉነህ ነገሌ ከተማ የታወቀ ታይፒስት ነበር፤ ጣቱ ከአፉ ይፈጥናል። ጥፋቱ የጀመረው ከፎቶግራፍ ነው። አገሩ ሊገባ ጓዙን ከሚሸጥ ግሪክ ነጋዴ አሮጌ ቫዮሊን ገዛና አገጩ ሥር ወሽቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፎቶ ተነሣ። ከጀርባው «በዕረፍት ሰዓቴ» ብሎ ጻፈበትና ክብረ መንግሥት ላለችው እጮኛው ለበዛብሽ ላከላት። መምታቱን ያውቅበታል? አንዲት ድምፅ እንኳ! ሰው አፉን ሳይከፍት በፎቶ ሲዋሽ ውሸቱ የሚቀል ይመስለዋል፤ አይቀልም።

በዛብሽ ፎቶውን ያላሳየችው ሰው የለም። አባቷ አቶ ወልደሥላሴ ግን ነገር ሲድበሰበስ አይወዱም። የሁዳዴ ጾም ሲገባ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ነው። ሙሽራው በዚያ ዕለት ቫዮሊኑን ራሱ ይምታ። ካልመታ ውሸታም ነው፤ ለውሸታም ልጅ አልድርም።»

ሙሉነህ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበ። ከዚያስ ቫዮሊኑን አነሣ? የለም! ታይፑን ጎትቶ የጥናት ፕሮግራም ጻፈ። «፩ኛ/ ከጧቱ ፲፪ ሰዓት፣ ቀስቱን ሙጫ መቀባት። ፪ኛ/ የሠርጉን ዘፈን ከራስ እስከ ግርጌ አራት ጊዜ መምታት። ፫ኛ/ ልዩ ልዩ።» በካርቦን አራት ኮፒ አወጣ፣ ማኅተም አሳረፈበት፣ አንዱን ፋይል አደረገ። በማግስቱ ማሻሻያ ጻፈ። በሳልስቱ የማሻሻያውን ማሻሻያ። ሳምንቱ አለቀ፤ ቫዮሊኑ ከሣጥኑ አልወጣም። የእኛ በሽታ እኮ ይኸው ነው! ሥራውን በወረቀት ያሰፈረ ሁሉ የሠራው ይመስለዋል።

በስምንተኛው ቀን ቀስቱን ገና ሲስበው የቤት አከራዩ እማማ ማሚቴ በሩን በከዘራ ደበደቡት።

«በሁዳዴ ድመት ታርዳለህ?»

«ዘፈን ነው፣ እማማ።»

«ዘፈን ከሆነማ የባሰ! ከግቢዬ ውጣልኝ!»

ሙሉነህ ቫዮሊኑን ታቅፎ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ፣ ቦረናዎች ኤላ ወደሚሉት ሄደ። እዚያ ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ በባልዲ ውሃ ይቀባበላሉ። ከብቱ ከጉድጓዱ በላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዘፈኑ ሲጀመር ወደ ገንዳው ይወርዳል። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስኑት አባ ሄሬጋ የሚባሉት የተራ ዳኛ ናቸው፤ የዚያ ኤላ ዳኛ ሽማግሌው ጃልዴሳ ነበሩ።

ሙሉነህ ግራር ሥር ተቀምጦ በፕሮግራሙ መሠረት ዘፈኑን ከራስ እስከ ግርጌ ፈገፈገው። አንዲት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ይወድቃል፤ እንደገና ከራስ ይጀምራል፤ እዚያችው ላይ ይወድቃል። ይህን ሦስት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ተራ የሚጠብቀው ከብት ዘፈን ተጀመረ ብሎ እየተጋፋ ወደ ገንዳው ተንደረደረ። የገንዳው አፍ ተናደ። ጃልዴሳ በትራቸውን ይዘው መጡ።

«አካም፣ ጌታው! ከብቱን ማን ጠራ?»

«እኔ አልጠራሁም፣ አባባ። ጥናት ላይ ነኝ።»

«ላሞቹ ግን ተጠራን ይላሉ። ስማ፣ ሦስት ቀን አዳመጥኩህ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የምትወድቀው። ትነሣና ደግሞ ከራስ! ለምንድነው?»

ሙሉነህ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «ተራ ቁጥር ሁለት ላይ እንዲህ ይላላ።»

ጃልዴሳ ገለባብጠው አዩት። «ማኅተሙን ማን መታ?»

«እኔ።»

«እኔ ሦስት መቶ ከብት ባንዴ ብለቅ አሁን እንዳየኸው ገንዳው ይፈርሳል፤ ማንም አይጠጣም። አሥር አሥር አስገባለሁ፣ ሌላው ይቆማል። አንተ ዘፈኑን ሁሉ ባንዴ ለቀቅኸው! የምትጥልህን ለብቻዋ አስገባት። ቀስ ደግሞ! ባልዲ ተቀባዩ ሲጀምር ከሮጠ ውሃው አናቱ ላይ ነው። እሷ ስትጠግብ አቁም። ነገ ሌላዋን።»

«በቀን ስንት ሰዓት ብዬ ልጻፈው?»

«ያ ዋቃ! አሁንም ሊጽፍ ነው!»

መጀመሪያ ገንዳውን በጭቃ አስለሰኑት፤ ከዚያ ተራ ሰጡት። ሁለተኛው መንጋ ጠጥቶ ሦስተኛው እስኪገባ፣ ዘፋኞቹ ትንፋሽ ሲሰበስቡ፣ ያቺ ሰዓት የሙሉነህ ሆነች። በቀን አንዲት ቁራጭ፣ እንደ ኤሊ እየተጎተተ። ሲሳሳት ከጉድጓዱ ውስጥ ሰው ሁሉ «ዴቢሲ!» ይለዋል፤ ድገማት ማለት ነው። ይደግማታል። ሌላ ምን አማራጭ አለው?

የሠርጉ ዕለት ክብረ መንግሥት ዳስ ውስጥ ቆመ። ቀስ ብሎ ጀመረ፤ መታጠፊያዋን አለፋት፤ ጨረሰ! ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ደገመው፤ ተጨፈረ። ሠለሰው። አቶ ወልደሥላሴ እጃቸውን አነሡ።

«ሌላስ?»

ሙሉነህ ክሩ ተበጠሰ ሊል አሰበ። ተወው።

«ሌላ አላውቅም፣ ጋሼ። ፎቶውን ስነሣ ይቺንም አላውቅም ነበር።»

በዛብሽ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አባትየው ግን በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተመስገን! ፈርቼ ነበር እኮ! አሥር ዘፈን ቢያወርድ ልጄን ለአዝማሪ ሰጠሁ ማለት አልነበረም? አንድ ዘፈን ለጨዋ ልጅ ያምርበታል። ጠጅ ቅዱለት!»

የጨዋ ፍርድ ይኸውላችሁ! ሲዘፈንላቸው ተነሥተው ይጨፍራሉ፤ ዘፋኙን ለአማችነት ይጸየፉታል። ሙሉነህ መልሱ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ በዛብሽ ጭኑን ቆነጠጠችው፤ ዋጠው።

ነገሌ ሲመለሱ ጧት ጧት ኤላው ዘንድ እየወረደ ሁለተኛውን ያዘ፤ ቀጥሎም ሦስተኛውን። በዓመቱ አማቱ ሊጠይቋቸው መጡና ገና ሳይቀመጡ፣ «ዘፈኑ ስንት ደረሰ?» አሉ።

ሙሉነህ አፉን ሳይከፍት በዛብሽ ቀደመች።

«ያችው አንዷ ናት፣ አባዬ። እሷንም እየረሳት ነው።»